የሺመቤት ጋራው ላይ የተተከለች ዕለት

የሺመቤት ይህን ሕልም ያየችው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከምሳ በኋላ፣ የሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ፣ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ።

የሞባይል ኔትወርክ ዕቅድ መማር ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። አሠልጣኙ ኢንጂነር ነስረዲን ጠዋት ጠዋት፣ «ዝቅተኛው ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፤ ከፍተኛው ብዙ ይሸከማል። ሁለቱንም አሟልቶ የሚሰጥ የለም» ይላሉ። ለሠልጣኞቹ ለፈተና የሰጧቸው የአንድ ተራራማ ወረዳ ካርታና አምስት የኔትወርክ ማማ ነው። አራቱን ካርታው ላይ ሳትቸገር ተከለች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ግን እጇ አልታዘዝ አላት። የገበያው ከተማ ዳር ብታቆመው የሠላሳ ሺህ ሰው መጨናነቅ ይቃለላል። ጋራው ጫፍ ብታቆመው፣ ሞገድ በማይደርስበት በጋራው ጀርባ ጥላ ውስጥ የቀረችው የጨረቆ መንደር ድምፅ ታገኛለች። ጨረቆ አርባ ሦስት ቤት ናት።

ለመስክ ጥናት ሄዳ አይታታለች። አዋላጇ እትዬ አልጋነሽ፣ «አምቡላንስ የምጠራው ጋራው ላይ ወጥቼ ነው፤ ምጡ ግን እስክመለስ አይጠብቀኝም» ብለዋት ነበር። የሺመቤት ይህን እያስታወሰች ማማውን ገበያው ዳር አቆመችና ወረቀቷን አስረከበች። ከዚያ እንቅልፍ ጣላት።

በሕልሟ አዳራሹ ያው ነበር፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ግን ማማዎች ነበሩ። የብረት እግራቸውን አጣጥፈው፣ ጣሪያው እንዳይነካቸው አንገታቸውን ሰብረው ይጽፋሉ። ሰሌዳው ፊት የቆሙት እትዬ አልጋነሽ ናቸው፤ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ።

«ሰው እስከ ስንት ሜትር ድረስ ይሰማል?» አለ አንድ ቀጭን ማማ እጁን አውጥቶ።

«እንደ ሰዉ ነው» አሉ እትዬ አልጋነሽ። «አንዳንዱ አጠገቡ ቆመህም አይሰማህም።»

ማማዎቹ ጻፉት። ማንም አልሳቀም።

የሺመቤት መቀመጫ ስትፈልግ አዳራሹ የጨረቆ አውድማ ሆነ። ሰው የሚያካክሉ ስልኮች ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ሰዎቹን በኪሳቸው ይዘዋቸዋል። አንዱ ስልክ አንድ ጎልማሳ ከኪሱ አወጣና ወዘወዘው፣ ወደ ሰማይም ከፍ አድርጎ አየው። «ይሄ ሰውዬ ዛሬም አልሠራ አለኝ» ብሎ መልሶ ከተተው። ጎልማሳው የለመደው ነገር ስለሆነ ኪሱ ውስጥ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

አውድማው መሐል የጨረቆ ሰዎች ካርታ ዘርግተው ከበዋል። አያ እርገጤ የሚባሉ ሽማግሌ እርሳስ ይዘው ቀና አሉ።

«አዲስ አበባ ስንት ሰው አላት?»

«ሚሊዮኖች» አለች የሺመቤት።

«እንግዲያው ትለፍ» አሉና ሰረዟት። «ብዙ ከሆኑ እርስ በርስ ይጠራሩ። እኛ ዘንድ የሚቆጠረው ሰሚ ያጣ ነው።»

የሺመቤት በድንጋጤ ተንበረከከች። «አያ እርገጤ፣ እናቴ እኮ እዚያ ናት! ብቻዋን ናት!»

«ጎረቤት የላትም?»

«አላት።»

«ጎረቤት ያለው ከዕቅድ ውጪ ነው» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እንዲያውም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ምን እናድርግ ልጄ፣ የሚተከል ሰው ያለን አንድ ብቻ ነው።»

ያ አንድ ሰው እሷ ነበረች።

ሁለት ሴቶች ከጀርባዋ ቆመው በየተራ እያንሾካሾኩ ጆሮዋን ለኩ። «ደህና ትሰማለች» አለች አንዷ። «ከሰማች በኋላ ምን እንደምታደርግ ግን አይታወቅም» አለች ሌላዋ። ከዚያ አስከሬን እንደሚሸኝ ሰው ቀስ ብለው ተሸክመው ጋራው ጫፍ አወጧት። ጉድጓድ ቆፍረው አቆሟትና እስከ ጉልበቷ ሲሚንቶ አፈሰሱባት።

ማንም ሳያዛት እጆቿን ዘረጋች። ወዲያው የገበያው ሠላሳ ሺህ ሰው ባንዴ ይገባባት ጀመር፤ ሽንኩርት ስንት ገባ፣ የት ደረስክ፣ ሃሎ፣ ይሰማል፣ ሃሎ። ሁሉም ደረቷን እየገፋ ያልፋል። በዚህ መሐል ከጋራው ጀርባ፣ ከታች፣ አንድ ድምፅ መጣ።

«አንቺ ልጅ! ወላዷ ደም እየፈሰሳት ነው፤ አምቡላንስ በይልኝ!» እትዬ አልጋነሽ ነበሩ።

የሺመቤት ሆስፒታሉ ወዳለበት ዞራ አፏን ከፈተች።

«ሽንኩርት ስንት ገባ?» የሚል ወጣ።

«አስተላልፊው እንጂ፣ የኔ ልጅ!»

እንደገና ሞከረች። «የት ደረስክ?» አለ አፏ። ከታች የወላዷ ጩኸት እየሳሳ ሄደ። የሺመቤት ልትሮጥ ፈለገች፤ ሲሚንቶው ደርቋል። ያላትን ትንፋሽ ሁሉ ሰበሰበችና፣ «አም...» ስትል አንድ እጅ ትከሻዋን ነቀነቃት።

«ተነሺ፣ ስምሽ እየተጠራ ነው» አለቻት አጠገቧ የምትቀመጠው ሠልጣኝ።

ኢንጂነር ነስረዲን ከፊት ቆመው የእሷን ወረቀት ከፍ አድርገው ይዘዋል። «ከሃያ ሰባታችሁ ማማ ያላባከነችው የሺመቤት ብቻ ናት» አሉ። «ሌሎቻችሁ ለአርባ ሦስት ቤት ብላችሁ አምስተኛውን ጋራ ላይ ሰቅላችሁታል። ርኅራኄ መልካም ነው፤ ዕቅድ ግን አይሆንም። በሉ፣ ወረቀታችሁን ውሰዱና እንደሷ አስተካክሉት።»

የሺመቤት ብድግ አለች። «ኢንጂነር፣ የተሳሳትኩትስ እኔ ነኝ። ጨረቆ...»

«ትሕትናሽም ደስ ይላል» አሏት ፈገግ ብለው።

አዳራሹ አጨበጨበላት። ጭብጨባው ጋብ ሲል፣ ሃያ ስድስት ላጲስ ባንድነት ወረቀት ሲፍቅ ተሰማ።