በግራ በኩል ያለችው ጉብታ

መሪ ጨብጬ ሳለሁ «እርስዎ» ብሎ ያናገረኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱም ሰው ከተባለ ነው፤ ስልክ ውስጥ የምትኖር ሴትዮ ናት። ሌላው ሹፌር ሁሉ ሴት መሪ ይዛ ሲያይ የሚለውን ታውቁታላችሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። እሷ ግን «እባክዎ ፍጥነትዎን ይቀንሱ» ትላለች። ደስ አይልም? ጭሮ ገበያ ዳር ጨርቅ ስሸጥ፣ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ኖሬ፣ በስተርጅና የሚያከብረኝ አገኘሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለችው የእህቴ ልጅ ስልኬ ላይ አንድ ነገር ጫነችልኝ። የጦር ሜዳ ማስጎብኛ ነው። አስጎብኚ የለው፣ አውቶቡስ የለው። እናንተ መኪናችሁን ትነዳላችሁ፤ ስልኩ የደረሳችሁበትን ቦታ እያወቀ በድምፅ ይተርክላችኋል። የሚተርከው በጣሊያን ጊዜ አርበኞች በእኛው መንገድ ላይ ያደረጉትን አንድ ውጊያ ነው። ትልቅ ውጊያ አይደለም። በየዓመቱ ባንዲራ አይወጣለትም። እኛ ቤት ግን ከሱ የሚበልጥ ጦርነት የለም። የእናቴ አባት ወደዚያ ውጊያ እንደሄዱ አልተመለሱም።

እማዬ ያኔ ገና አልተወለደችም፣ እናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች። አብሯቸው የዘመተ አንድ ሰው ተርፎ መጣና «አብረን ነው የሄድነው፣ ውጊያው ከተጀመረ ወዲያ አላየሁትም» አለ። የመጣው ወሬ ይሄው ነው። አያቴ ደግሞ ግትር ሴት ነበረች፤ እኔ ከማን እንደወረስኩ አሁን ገባችሁ። «ሬሳውን ያየ አለ? የለም። እንግዲያው ማንም ለቅሶ ብሎ ደጄን እንዳይረግጥ» አለች። ድንኳን አልተተከለም፣ ተዝካር አልወጣም። ስትጠብቅ ኖራ ስትጠብቅ ሞተች።

እናቴን ብታዩዋት! አሰበ ተፈሪ ውስጥ (እሷ ጭሮ አትልም) ሰው ሲሞት መጀመሪያ የምትደርስ እሷ ናት። ክርስቲያን ሙስሊም ብላ አትለይም። የማታውቀው ሰው ቢሞት እንኳ እናቱን ታውቃለች፤ እናቱን ባታውቅ ሰፈሩን ታውቃለች። ያላለቀሰችለት ሰው የገዛ አባቷ ብቻ ነው። ዘንድሮ እግሯ ሲከዳት «አባቴ የወደቀበትን አሳዩኝና አልቅሼ ልሙት» ማለት ጀመረች። ወንድሞቼ «ከየት ይገኛል? ተዪው» አሉ። እኔ ደግሞ ተዪ ሲሉኝ የምተው ሰው አይደለሁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀት እንዳልሆንኩ እርግጠኛ ነኝ፣ የቀረውን እናንተ ገምቱት።

ሰው ጠይቀሽ አትሄጂም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሰው ጠይቄማ አይቻለሁ! አንድ ጊዜ መሰላ ሠርግ ተጠርቼ ቤቱ ጠፋኝ። አንድ ሽማግሌ ብጠይቅ «ነይ እኔ አደርስሻለሁ» ብለው መኪናዬ ውስጥ ገቡ። ከተማዋን ሁለት ጊዜ አዞሩኝ። በመጨረሻ ዘፈኑን ሰምተን ራሳችን ደረስን። ሰውየው ገቡ፣ በሉ፣ ቆመው መረቁ፣ ሙሽራውን አቅፈው ሳሙት። ሲወጡ «ለመሆኑ የማን ሠርግ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ይሻላል አልኩ።

እና አንድ ማለዳ እማዬን ከፊት አስቀምጬ ተነሣን። ከከተማው ሳንወጣ ሴትዮዋ ድምጿን ጠረግ አደረገችና «ጉብኝታችን እዚህ ላይ ተጠናቀቀ። አብረውን ስለተጓዙ ከልብ እናመሰግናለን» አለች።

«ምኑን ተጓዝንና?» አለች እማዬ።

መኪናውን ዳር አቁሜ አሰብኩ፣ ገባኝም። ጉብኝቱ የተዘጋጀው ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ነው። ከቦርደዴ ይጀምርና ሚኤሶን አልፎ እኛ ጋ ያልቃል። ያዘጋጁት ሰዎች የጭሮ ሰው የጭሮን ጦርነት ሊጎበኝ ይነሣል ብለው አላሰቡም። እኛ ሰው የሚጎበኘን እንጂ የምንጎበኝ እንመስላለን? ስልኩን ዘግተን ቦርደዴ ድረስ እንውረድና ከዚያ አስተካክለን እንጀምር አልኳት። እማዬ እምቢ አለች። ሰው ማውራት ከጀመረ በኋላ አፉን መዝጋት ነውር ነው አለች።

በዚህ ዓይነት ታሪኩን ከጅራቱ ይዘን ቁልቁል ወረድን። መጀመሪያ የተረፉት ቁስለኞች በተራራው ሲያመልጡ ሰማን። እንዴት እንደቆሰሉ ገና አልደረስንበትም። ሴትዮዋ «እባክዎ ቀስ ብለው ይንዱ፣ በስተቀኝዎ ያለውን ሸለቆ ያስተውሉ» ስትል ቀስ እላለሁ። ከኋላዬ ደግሞ ጫት የጫነ መኪና ጥሩምባውን ይለቅብኛል። ጫት ታሪክ የለውም፣ ያለው ሰዓት ብቻ ነው። ሹፌሩ ሲያልፈኝ እጁን በመስኮት አውጥቶ የሆነ ነገር አለኝ። እማዬ ሰላምታ መስሏት «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አለችው።

አንድ ነገር ግን ነበር። ሴትዮዋ ባወራች ቁጥር እማዬ ትመልስላታለች። «በዚህ ስፍራ ብዙዎች በውኃ ጥም አለቁ» ስትል፣ እማዬ «ወይኔ! ወይኔ ልጆቼ!» ትላለች። እማዬ፣ እሷ እኮ አትሰማሽም እላታለሁ። «የማትሰማ ከሆነ ለምን ታወራኛለች?» ትለኛለች። እናንተ መልስ አላችሁ?

ሚኤሶን አለፍን። ሙቀቱ በመስኮት እየገባ ያንገበግበናል፤ ማሽላው ዘንድሮም ጭንቅላቱን ሳያወጣ ደርቋል። ወደ ቦርደዴ ጥቂት እንደሄድን የሴትዮዋ ድምፅ ዝግ አለ። «አሁን የውጊያው ዋና ሜዳ ደርሰዋል። እባክዎ ተሽከርካሪዎን ያቁሙ። በግራዎ በኩል ግራር ያለባትን ጉብታ ይመልከቱ። አርበኞቹ የወደቁት በእርሷ ላይ ነው። ለአንድ ደቂቃ በኅሊና ጸሎት እናስባቸው» አለች።

አቆምኩ። በግራ በኩል ግራር ያለባት ጉብታ አለች። እማዬን ደግፌ አወጣኋት። ሴትዮዋ ዝም ብላለች።

እማዬ ጉብታዋን አየች፣ ስልኩን አየች። «ምን ሆና ነው ዝም ያለችው?» አለችኝ። ለሞቱት ክብር ነው አልኳት። እንዲያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። «ሰው ሞቶ ዝም? ለአባቴ ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ሲባል አልኖረም እንዴ!» አለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

ከዚያ አለቀሰች። እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? የሰው ለቅሶ ላይ ስታለቅስ አይቻለሁ፣ እንዲህ ግን አይደለም። አባቷን በስሙ ጠራችው። «ሳላይህ! ሳታየኝ!» አለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፣ እውነት ነው። እኔም አለቀስኩ። ጨርቅ ነጋዴ አታለቅስም ያለው ማነው?

በዚያ አገር ለቅሶ የሰማ ሰው ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ከጉብታዋ በስተጀርባ መንደር አለች፣ አላየናትም ነበር። ከማሽላው ውስጥ ወንዶች ሮጠው ወጡ። ሴቶች ሻሻቸውን እያስተካከሉ ደረሱ። ወደ መኪናው ውስጥ ነው የሚያዩት፣ ሬሳ ይፈልጋሉ። ከፊት የቀደሙት ኦቦ ሙሜ የሚባሉ ሽበታም ሽማግሌ ናቸው። «ማል ታኤ? ምን ሆነ? መኪና ገጨው?» አሉኝ።

አፈርኩ። ምን ልበል? አባቷ ሞቶ ነው አልኩ።

«ኢና ሊላሂ! መቼ ሞተ?»

በጣሊያን ጊዜ አልኳቸው።

እንግዲህ ሊስቁብን ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ ወይም ሊቆጡ። እሳቸው ግን ወደ እማዬ ዞሩና «ማሎ፣ ምነው! እስከ ዛሬ አላለቀስሽም?» አሏት። እሳቸው አማርኛ ሲናገሩ እርስዎ የሚባል ነገር አያውቁም። እማዬ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ማንም አልተቀመጠልሽም?» አሏት። ማንም አለች።

ዞረው በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉ። ወዲያው ሰሌን መጣ። ግራሩ ሥር ተነጠፈ። እማዬን መሐል አስቀመጧት፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ከበቧት። ኦቦ ሙሜ «በእኛ ሃይማኖት ጮኾ ማልቀስ ጥሩ አይደለም፣ ግን ያንቺ የቆየ ነው፣ ጨርሺው» አሏት። ስትጨርስ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት፣ ሰውም ሁሉ አሚን አለ። አንዲት ሴት በጀበና ሙሉ ሆጃ አመጣች፤ የቡና ገለፈት በወተት ፈልቶ የሚጠጣው ነው። የአባቷን ስም ጠየቁ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ጠየቁ። እማዬ ከእናቷ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። እኔ ራሴ ግማሹን የሰማሁት ያን ቀን ነው። በግትርነቴ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ተሰናብተን ወደ ቦርደዴ ቀጠልን፤ የጀመርኩትን ሳልጨርስ አልመለስም። ሴትዮዋ አሁን የውጊያውን ዋዜማ ትተርካለች። አርበኞቹ ቆሎ ይበላሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ አንዱ ያንዱን ጫማ ይጠግናል። እማዬ በጥሞና አዳመጠችና «አየሽ፣ ከዚህ ወገን ሲመጡ ሁሉም ደህና ናቸው» አለችኝ።

ቦርደዴ ሻይ ጠጥተን ተመለስን። ያቺ ቦታ ስንደርስ ሴትዮዋ ድጋሚ ጀመረች። «እባክዎ ተሽከርካሪዎን ያቁሙ። በግራዎ በኩል ግራር ያለባትን ጉብታ ይመልከቱ።»

በግራዬ አየሁ። ግራር ያለባት ጉብታ አለች። ያለቀስንባት ጉብታ ግን በቀኜ ናት።

የሴትዮዋ ግራ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ግራ ነው እንጂ ከጭሮ የወረድነው የእኛ ግራ አልነበረም! በዚያ አገር ደግሞ ግራር የሌለው ጉብታ ፈልጋችሁ አታገኙም። እማዬ፣ ተሳስተናል፣ ባዶ ጉብታ ላይ ነው ያለቀስነው፤ ውረጂ፣ እውነተኛዋ ያችውና አልኳት።

እማዬ ከመቀመጫዋ አልተነቃነቀችም። «ሴትዮዋ አባቴን ታውቀዋለች?» አለችኝ። አታውቀውም አልኳት። «ውጊያው የት እንደነበር ታውቅ ይሆናል። ጥይት ያገኘው ሰው ግን እዚያው ቆሞ አይጠብቅም። መንገዱን ተሻግሮ ጥላ ይፈልጋል» አለች።

እሺ ብዬ ብቀመጥ ምናለ? ብቻዬን ወረድኩ። እሾኹ ቀሚሴን እየቀደደው እውነተኛዋ ጉብታ ላይ ወጣሁ። ቆምኩ። አንድ ደቂቃዬን ጨረስኩ። ፍየሎች አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። ሌላ የተፈጠረ ነገር የለም። ተመልሼ ገባሁና ነዳሁ።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለቅሶ ብድር እንደሆነ ረስቼ! ብዙም ሳይቆይ ከመንደሯ ተደወለ፤ የኦቦ ሙሜ እህት ሞተዋል። እማዬ እግሬን አመመኝ ማለት ተወች። ከዚያ የአንዱ አማት፣ ከዚያ የሌላው አጎት። ወንድሞቼ ዘመድ መቼ እንደጨመርን ግራ ገብቷቸዋል።

ባለፈው ከእነዚህ ለቅሶዎች በአንዱ ሰሌን ላይ ተቀምጠን ሳለ ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት መኪና ቆመች። አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ስልካቸውን ይዘው ወረዱ። ከመንገዱ ማዶ ወዳለችው ጉብታ ዞረው አንገታቸውን ደፉ። ኦቦ ሙሜ አላስቻላቸውም። ተነሥተው ሄዱና «ስልካችሁ ተሳስቷል። ሰውየው የወደቀው እዚህ፣ እኛ ጋ ነው» አሏቸው። ልጅቷ በትሕትና ተከራከረች፤ የተጠና ነው፣ ባለሙያዎች ያዘጋጁት ነው አለች። እሳቸው እጇን ይዘው እኔ ጋ አመጧትና «ይቺ የልጁ ልጅ ናት፣ ጠይቂያት» አሉ።

ሰዉ ሁሉ አየኝ። እማዬ ከግራሩ ሥር ሆና አየችኝ። ካርታውን አውቃለሁ፣ ግራና ቀኙን አውቃለሁ፣ ቀሚሴ የተቀደደበትን እሾኽ ሳይቀር አውቃለሁ። ልጅቷ ስልኳን አስጠጋችና «የኔ እናት፣ እርግጠኛ ነዎት? እዚህ ነው?» አለችኝ።

«እንዴታ!» አልኳት። «ለቅሶው ላይ ነበርኩ።»