የክፍሉ ብሎግና ጋሽ ይስተካከል

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ትምህርት ቤት ተፈልጎ አይገኝም። ቤቱ እየተቃጠለ "እሳት! እሳት!" ብላችሁ ብትጽፉለት፣ ባልዲ ከማንሣቱ በፊት የትኛውን "ሳ" እንደጻፋችሁ ያያል። ትክክል ከሆነ ቅር እያለው ውኃ ፍለጋ ይሄዳል። ስሕተት ከሆነ ግን ቤቱ ትንሽ ይጠብቃል።

የእኛ ድርሻ የልጅ ልጄ የአማርኛ መምህር ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ተማሪው ሁሉ ከጀርባቸው "ጋሽ ይስተካከል" ይላቸዋል፣ ምክንያቱም ከአፋቸው ሌላ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ቀጭን ናቸው፣ ሸሚዛቸው እስከ ጉሮሯቸው የተቆለፈ፣ መነጽራቸው እግሩ በፕላስተር የተጠገነ፣ ኪሳቸው ላይ ቀይ እስክሪብቶ የማይጠፋ። መጀመሪያ ያየኋቸው በወላጆች ስብሰባ ቀን፣ የመጸዳጃ ቤቱን በር ዘግተው ቆመው ነው። በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያርማሉ። ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል።

"ጌታዬ፣ በፈጠረዎት ያሳልፉኝ!" ይላል አንድ አባት፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ።

"አንድ ጊዜ! 'መጸዳጃ' በጸሎቱ ጸ ነው እኮ። ይስተካከል!"

እኔ ፊደል የለየሁት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ፣ የማታ ትምህርት ገብቼ ነው። ያስተማረችኝ ወጣት እነዚህ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ ፊደላት ጋ ስትደርስ "እማማ፣ እርስዎ የቀናዎትን ይጻፉ፣ ሰው ይረዳዎታል" ብላ አለፈችኝ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያሉ የሚጣሉ ሰዎች መኖራቸውን ያወቅሁት ከእኚሁ ከክቡርነታቸው ነው።

ትምህርት ቤቱ ብሎግ የከፈተ ዕለት ደግሞ ሙሉ ሰው ሆኑ። ብሎጉ ተማሪና መምህር አብረው የሚጽፉበት ነው። ልጆቹ ይጽፋሉ፣ መምህራኑ ከሥር አስተያየት ይሰጣሉ፤ መምህራኑም ሲጽፉ ልጆቹ ይተቿቸዋል። እኛ ቤተሰቦችም በስልክ ገብተን እናነባለን፣ ያሰኘን እንጽፋለን። ርእሰ መምህሯ በስብሰባው "እዚህ መድረክ ላይ መምህርና ተማሪ እኩል ናቸው!" ብለው ሲያበቁ ጋሽ ይስተካከል እጃቸውን አወጡ። አዳራሹ ትልቅ ሐሳብ ሊሰማ ዞረ።

"ከኋላዎ ሰሌዳው ላይ 'መምሕር' የሚለው በሃሌታው ሀ ይስተካከል።"

አሁን ወደ ልጅ ልጄ ልምጣ። ይህች ልጅ ስትናገር ቃል ይይዛታል። አእምሮዋ ፈጣን ነው፣ ምላሷ ነው የሚዘገይባት፤ ሰው ደግሞ አይጠብቃትም፣ ቃሏን ከአፏ ነጥቆ ይጨርስላታል። ሱቅ ሄዳ "ክ... ክ..." ስትል ባለሱቁ ክብሪት ያቀብላታል። የፈለገችው ክር ነበር። ተከራክራ ከመመለስ ክብሪቱን ይዛ መምጣት ይቀላታል። ቤታችን ክብሪት በክብሪት ሆነ።

ብሎጉ ላይ ግን ጣቷን የሚይዘው የለም። "ክብሪት" የሚል ርእስ ሰጥታ ይህንኑ የሱቅ ነገር ጻፈችው። እየተንተባተብኩ አነበብኩት፣ ሣቅሁ፣ መጨረሻው ላይ ስደርስ መሐረቤን ፈለግሁ። የክፍሏ ልጆች ከሥር "ሃሃሃ" አሉ። የስፖርት መምህሩ "ቀጥይበት!" አሉ። የሒሳብ መምህርቷ የአውራ ጣት ሥዕል ላኩ። ከዚያ ክቡርነታቸው ከተፍ አሉ።

"'ሡቅ' የሚለው በእሳቱ ሰ ይስተካከል። 'አመት' በዐይኑ ዓ ይስተካከል። 'ሀይል' በብዙኃኑ ኃ ይስተካከል። የመጨረሻው መስመር ላይ 'ጸሐይ' በፀሐዩ ፀ ይስተካከል።"

ስለ ክብሪቱ አንዲት ቃል የለም! ስለ ክሩም የለም! ልጅቱ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"በ... በአፌም ተሳሳትኩ፣ በ... በጣቴም ተሳሳትኩ፣ እማማ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ መጻፍ ተወች። እናቷ ለመነቻት፣ እኔ ለመንኳት፣ ወይ ፍንክች። የተረፈቻት አንዲት በር ነበረች፣ እሷንም ሰውየው በቀይ እስክሪብቶ ቀረቀሩባት። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ሠርግ ተጠርቶ ሙሽራዋን ሳያይ የመጥሪያውን ወረቀት አርሞ የሚመለስ!

እኔም መነጽሬን ሰካሁና ብሎጉ ውስጥ ገባሁ። ፊደሉን በጣቴ እየለቀምኩ እንዲህ ጻፍኩ፦ "መምሕር ሆይ ልጅቱ ስለ ሂወቷ ስትነግርዎ እርስዎ ስለ ፊደል ይነግሯታል። ሠው አይደሉም?"

ጉድ ፈላ። "እማማ ጎበዝ!" "ውይ ሲጣፍጡ!" "አያቶቻችን ይኑሩልን!" ርእሰ መምህሯ የልብ ሥዕል ላኩልኝ። ቆሜ መሄድ የጀመርኩ ሕፃን አስመሰሉኝ። ተቆጥቼ እኮ ነው የጻፍኩት! ምን እንዳልኩ ያየ አንድ ሰው የለም። አንድ ሰው ካልነው እንግዲህ፣ ክቡርነታቸው ብቻ፦

"'መምሕር' በሃሌታው ህ፣ 'ሂወቷ' ደግሞ 'ሕይወቷ' ተብሎ ይስተካከል። 'ሠው አይደሉም?' በእሳቱ ሰ ይስተካከል። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ አስቤበት እመልሳለሁ። ተስተካክሎ እንደገና ይለጠፍ።"

የልጅ ልጄ ይህን ስታይ ፊቷ በርበሬ መሰለ። "አ... አያቴን!" አለችና ስልኩን ነጠቀችኝ። ከተወችው የቆየውን ብሎግ ከፍታ አንድ ረጅም ጽሑፍ ለቀቀችው። ርእሱ "አያቴን ይተዋት" ነው። ጨርሳ ወደ እኔ ዞረችና የመጨረሻውን መስመር አሳየችኝ። ሆን ብላ ፀሐይን በጸሎቱ ጸ ጽፋዋለች። "እስኪ እ... እዚህ ድረስ ያነቡ እንደሆነ!"

የስፖርት መምህሩ ወዲያው "ቀጥይበት!" አሉ። ርእሱን እንኳ ሳያዩ ነው። ጋሽ ይስተካከል ግን እየወረዱ፣ እየወረዱ፣ ከታች ደረሱ፦ "የመጨረሻው መስመር ላይ 'ጸሐይ' በፀሐዩ ፀ ይስተካከል።"

ይሄኔ እኔን አንድ ነገር ከነከነኝ። የቆዩትን ጽሑፎች አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። "ውሻዬ ሞተ" በሚለው ሥር የስፖርት መምህሩ "ቀጥልበት!" ብለዋል። ምን ይቀጥል? ሌላ ውሻ ይግደል? "እግሬ ተሰበረ" በሚለው ሥር አውራ ጣት። ሁሉም ከላይ ከላይ ነው። የእያንዳንዱ ልጅ የመጨረሻ መስመር ድረስ የወረደው፣ እየነቀፈም ቢሆን፣ ያ ነገረኛ ሰውዬ ብቻ ነው። ተናደድኩ። ሰው አንዴ የጠላውን በሰላም እንዲጠላ አይተዉትም።

የልጅ ልጄ ከዚያ ወዲህ መጻፍ አላቆመችም። በየጽሑፏ መጨረሻ አንድ ስሕተት ትተክላለች፣ ጋሽ ይስተካከልም ይነቅላሉ። አንድ ቀን ግን ሳይነቅሉ ቀሩ። በማግስቱም የለም። ልጅቱ ምሳዋን ተወች። "እ... እንሂድ" አለችኝ፣ ሄድን።

እኔ የመምህራን ክፍሉ በር ላይ ቀረሁ፣ እሷ ገባች። ክቡርነታቸው ያለ መነጽር ተቀምጠዋል፤ ያ የተጠገነ እግር ጨርሶ ተሰብሮ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል።

"ቲቸር፣ ጸ... ጸ..." አለች።

"ጸጉር ነው? ጸጉርሽን ልትቆረጪ?" አሉ የስፖርት መምህሩ ከወዲያ ጥግ። "ጸሎት? አይዞሽ፣ ገብቶኛል!"

ጋሽ ይስተካከል እጃቸውን አነሡ። ልክ በስብሰባው ቀን እንዳነሡት።

"ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም" አሉ።

ልጅቱ ታገለች፣ ቆመች፣ እንደገና ጀመረች። እሳቸው ራሳቸውን አልነቀነቁላት፣ አላገዟት፣ ሰዓት አላዩ። ገጽ እንደሚያነቡ ሁሉ ጠበቋት።

"ጸ... ጸሐይን አ... አላረሙልኝም።"

"የትኛው ጸ?" አሉ ክቡርነታቸው። በአፍ ሲነገር ሁለቱም አንድ ስለሆነ የሚያርሙት አጥተው ግራ ገባቸው። ሲሥቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። "መነጽሬ ተሠርቶ ሲመጣ ከታች እጀምራለሁ።"

ለእኔ "አስቤበት እመልሳለሁ" ያሉትን በጽሑፍ አልመለሱም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሱቁ ጋ ቆምን። "ክ... ክ..." አለች። የባለሱቁ እጅ ወደ ክብሪቱ ሄደ። ልጅቱ እጇን አነሣች።

"ዐ... ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም።"

ይህን ጽሑፍ እዚያው ብሎግ ላይ ለጥፌዋለሁ። የልጅ ልጄ "ለጋሽ ይስተካከል መጨረሻው ላይ አንድ ስሕተት ትከይላቸው" ብላኝ ነበር። እኔ መትከል አያሻኝም፣ የእኔ ራሱ ይበቅላል። ዛሬ ምድጃ ልለኩስ ብዬ ቤቱን ሳገላብጠው ግን የትም ክር ነው። ክብሪት አልቋል።