ድገሚው ያላልሁበት እሑድ

ግጥም ሲነበብ ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ወይ ተኝቷል፣ ወይ ተቀይሟል። ሦስተኛ ነገር የለም። አንተ አንባቢዬ "እኔ በጸጥታ ነው የማጣጥመው" ካልህ አልከራከርህም… ግን ወጥ ሲጥምህ እንኳ ምላስህን ታጮሃለህ አይደል?

እኔ ፊደልን የማውቃት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው። ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን እንጂ ጠልቀን አንጠያየቅም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቆጠርኋት፤ ከዚያ ከወሎ በሰፈራ መጥቼ አቦቦ ላይ በቆሎ ሳርም ስኮተኩት ተረሳሳን። ይችን ወግ ስጽፍ እንኳ አንዷን መስመር እስክጨርስ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ጋምቤላ ውስጥ ሻይ ለመቀዝቀዝ ምን ያህል እንደሚቆይ ደግሞ የኖረበት ያውቀዋል።

ጆሮዬ ግን የተማረ ነው። ያስተማረችው አሪየት ናት፣ የጎረቤቴ የአያ ኡጁሉ ልጅ። ከአንዱ ቢሮ ትሠራለች። አያ ኡጁሉ ዕድሜውን ሙሉ ባሮ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ አኙዋ ነው፤ አሁን ጉልበቱ ደክሞ መረቡን ሰቅሏል። ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች። እኔም እርሻ አቅቶኝ ወደ ከተማ ስገባ መጀመሪያ መቀመጫ ያቀረበልኝ እሱ ነው። "ደገኛው" ይለኛል፤ ስሜን ያውቀው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም።

እሑድ እሑድ እነሱ ከቸርች፣ እኔና ባለቤቴ የሺ ከቤተ ክርስቲያን እንመለስና ፀሐዩ በረድ ሲል ከሁለታችን ግቢ መሃል ካለው ማንጎ ሥር እንቀመጣለን። አሪየት ታነባለች። አሮጌውን ግጥም ከመጽሐፍ፣ አዲሱን ከስልኳ። ግጥም ያልተነበበበት እሑድ ለእኔ ጨው የሌለው ወጥ ነው።

አሮጌውን እወዳለሁ፣ ቤት ይመታል። አዲሱ ቤት የለውም፤ ቤት የሌለው ደግሞ የት እንደሚያድር አይታወቅም። ይህን ስላት አሪየት "አባባ፣ አንተ የምትፈልገው ግጥም ሳይሆን ቆርቆሮ ነው" ትለኛለች።

ጣጣው የመጣው ከአሰማማችን ነው። ባደግሁበት አገር ጥሩ ግጥም ሲሰማ "ድገመው" ይባላል፤ ያላሉት እንደሆነ ባለግጥሙ ይቀየማል። ስለዚህ ጥሩ ስንኝ በመጣ ቁጥር "ድገሚው" እላለሁ። ጥሩ ስንኝ ይበዛል፣ ምን ላድርግ። አያ ኡጁሉ ደግሞ ቸርች የለመደው ስለሆነ መስመር ባለቀ ቁጥር "አሜን" ይላል። የግጥሙ ሰውዬ "ወይ ሞቼ ባረፍሁ" ሲል፣ "አሜን"። "ቤቴ በላዬ ይፍረስ" ሲል፣ "አሜን"።

አንድ እሑድ አሪየት ስለ አንድ ንጉሥ የተገጠመ ረጅም አሮጌ ግጥም ይዛ መጣች። ንጉሡ ገና ፈረሱ ላይ ሊወጣ አንድ እግሩን እርካብ ላይ እንዳደረገ ስንኟ ጣመችኝ።

"ድገሚው።"

ደገመችው።

"አሜን" አለ አያ ኡጁሉ።

"ኧረ እንደገና ድገሚው፣ አሜኑ ሸፈነብኝ።"

ምን ልበልህ… ንጉሡ አንድ እግሩን እርካብ ላይ እንዳደረገ መሸበት። የሺ እንኳ "ወይ ይውጣ ወይ ይተወው፣ ፈረሱ እኮ ደከመው" አለች።

አሪየት መጽሐፉን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

"አባባ፣ አንተም አባዬ፣ ሁለታችሁም ስሙኝ። የሚመጣው እሑድ አንድ አጭር ግጥም አነባለሁ። እስኪያልቅ አንድ ቃል እንዳልሰማ። ድገሚው የለም፣ አሜን የለም። ከተናገራችሁ ማንበብ ተውሁ። ለሁልጊዜው ተውሁ።"

ሳምንቱን ሙሉ ዝምታ ስለማመድ ከረምሁ። የሺ "እንዲህ መሆን ትችል ኖሯል? ያቺ ልጅ ዕድሜዋ ይርዘም" ብላ መረቀች።

እሑድ ደረሰ። አሪየት እንደ ወትሮዋ አልነበረችም፤ ስልኳን ታበራለች፣ ታጠፋለች፣ ውሃ ትጎነጫለች። እኔ ልብ አላልሁም፣ የእኔ ጭንቀት የአፌ ነበር። መፋቂያዬን እንደ ልጓም ነከስሁት። አነበበች፦

አባቴ ባዶ እጁን ከወንዝ ሲመለስ
እናቴ የጣደችውን ውሃ አላወረደችም።
"ዓሣው እየመጣ ነው፣ ቆዩ" አለችን።
ውሃው ፈላ።
እኛ ተኛን።

"ቆዩ" ስትል "ድገሚው" ምላሴ ጫፍ ደረሰ። መፋቂያውን አጥብቄ ነከስሁ። "ውሃው ፈላ" ስትል መፋቂያው ተሰበረ። "እኛ ተኛን" ስትል ደግሞ አንድ የበሰለ ማንጎ ከላይ ቁልቁል መጥቶ አናቴን አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን የማውቃቸውን ታቦታት ሁሉ እጠራ ነበር። ያን ቀን ግን ፊቴን አጨማደድሁ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ቃል አልወጣኝም።

አሪየት ከስልኳ ቀና ብላ አየችን። እኔ ቀጣዩን መስመር እጠብቃለሁ። አያ ኡጁሉን ሰረቅ አድርጌ ባየው እሱም መሬት መሬት እያየ ዝም ብሏል። እኔ በሆዴ "ጨዋ ሰው መሆን እንዲህ ነው" እያልሁ ኮራሁ።

"እሺ፣ ገባኝ" አለች አሪየት በቀጭን ድምፅ። ተነሥታ ወደ ቤት ገባች።

"ምን ሆነች? ሳትጨርስ" አልሁ የመፋቂያውን ስብርባሪ ተፍቼ።

"ጨርሳለች እንጂ፣ አንተ ግንድ" አለች የሺ። "ፊትህን ሬት እንደ ቀመሰ ሰው አጨማደድህባት።"

"ማንጎው ነው እኮ።"

"እሷ ስልኳን ነው የምታየው፣ ማንጎውን መች አየች?"

አያ ኡጁሉ አንገቱን ሳያነሣ፣ "ያን ቀን ዓሣ አልነበረም" አለ።

"የትኛው ቀን?"

"ውሃው የፈላበት። ባሮ ሞልቶ መረቤን ወሰደው። አሪየት ትንሽ ናት ያኔ። ባዶ እጄን ስመለስ ተኝታለች ብዬ ነበር። ለካ አልተኛችም።"

ይኸኔ ገባኝ። ግጥሙ ከአዲስ አበባ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከአጥሩ ማዶ ነው። የማላውቀውን ሰው ሁሉ ግጥም ድገሚው ድገሚው ስል ኖሬ የራሷን ስታመጣ ዝም አልኋት። የሚያናድደው ደግሞ… ጥሩ ነበር። ቤት አይመታም፣ ግን ጥሩ ነበር። ይህን ማመን ለእኔ ምን ያህል እንደሚከብድ የሺ ታውቃለች።

ሄጄ በሯ ላይ ቆምሁ። ይቅርታ መጠየቅ አይሆንልኝም።

"አሪየት፣ ድገሚው።"

"ተወኝ አባባ። አልወደድኸውም። ለዚያ ለፈረሱ እንኳ እስኪመሽ ድገሚው ብለሃል።"

"ዝም በል ያልሽኝ አንቺ።"

"እስኪያልቅ ነው ያልሁት።"

"ማለቁን በምን ልወቅ? ቤት አይመታ።"

"ፊትህስ?"

ጎንበስ ብዬ አናቴን አሳየኋት። ራሰ በራ መሆን ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመኝ፤ እብጠቱ ጉብ ብሎ ይታያል። በጣቷ ነካ አደረገችውና ሳቀች። ተከትላኝ ወጣች።

ልታነብ ስትል አያ ኡጁሉ እጁን አነሣ። "ድገሚው" አለ። ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። "ግን አሁን አንድ ዓሣ አስገቢበት።"

"አባዬ፣ ግጥም እኮ ነው። አይገባም።"

"ትንሽም ቢሆን።"

"አይገባም።"

"ደገኛው ቤት ይምታ ይላል። እኔ ድስት ይሙላ ነው የምለው። ምን ችግር አለው?"

አላስገባችም። እንዳለ አነበበችው። "ውሃው ፈላ" ላይ ስትደርስ "ድገሚው" አልሁ፤ ደገመችው፤ እንደገና አልሁ። ያ ውሃ እስኪመሽ ሲፈላ አመሸ፣ የከለከለኝም የለም። አያ ኡጁሉ ግን አሜን ሳይል ገባ።

በቀጣዩ እሑድ ማንጎው ሥር ተሰብስበን አያ ኡጁሉ ጠፋ። እኔ አናቴ ላይ ባርኔጣ ደፍቼ እጠብቃለሁ። አሪየት መጽሐፉን ልትገልጥ ስትል ከመንገዱ ማዶ ብቅ አለ፣ ክንዱን የሚያህል ዓሣ አንጠልጥሎ። መረቡ ከተሰቀለበት አልወረደም፤ ከገበያ የገዛው ነው። ቀጥ ብሎ መጣና ልጁ እግር ሥር አስቀመጠው።

"ቆዩ ተብላችኋል አይደል?" አለ። "ይኸው መጣ።"

አሪየት መጽሐፉን ጭኗ ላይ እንደያዘች ቀረች። የሺ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ዝም ብሎ መስማት ለእኔ አልተፈጠረልኝም…

"አያ ኡጁሉ" አልሁት፣ "ድገመው።"