ለፈረንጅ ውሻ የተካበው ቤት

[ዘመሮ ከተማ ዳር፣ የፈንታ ግቢ። በኃይሉ በጎልማሳነቱ አዲስ አበባ ዘበኛ ነበር፤ ስለዚህ በከተማ ነገር እሱን የሚያህል አዋቂ ያለ አይመስለውም። ሰሞኑን የገዛ ሥራውን ትቶ ለጎረቤቱ ለፈንታ የውሻ ቤት በድንጋይ ሲክብ ከርሟል። ዛሬ የፈንታ ልጅ ጽናት ከአዲስ አበባ የፈረንጅ ቡችላ ይዛ ትመጣለች። ጣራው ሣር ለብሷል፤ የቀረው በሩ ብቻ ነው። ጭቅጭቁም በበሩ ነው።]

በኃይሉ፦ ከፍ ይበል አልኩህ! በዚህ በር ጭንቅላቱ አይገባም።

ፈንታ፦ ዝቅ ቢል ይሻላል ጋሼ። ነፋሱን ይከልላል።

በኃይሉ፦ ስለ ነፋስ ታወራልኛለህ! አጎንብሶ ሲገባ ወገቡ ቢቀጭስ? የፈረንጅ ውሻ እኮ ጥጃ ነው የሚያህለው።

ፈንታ፦ ጽናት በስልክ ትንሽ ናት ብላኝ ነበር።

በኃይሉ፦ በስልክ ሁሉም ነገር ያንሳል። የራሷ የልጅህ ድምፅ እንኳ እንደ ትንኝ አይደል የሚመጣው?

ፈንታ፦ አድጋም ከጫማ አትበልጥም ነው ያለችኝ።

በኃይሉ፦ ከማን ጫማ? ጠይቀሃታል?

ፈንታ፦ አልጠየቅኳትም።

በኃይሉ፦ በል እንግዲህ! የፈረንጅ ጫማ አይተህ ታውቃለህ?

ፈንታ፦ እርስዎ ግን ውሻውን በዓይንዎ አይተውታል?

በኃይሉ፦ ያን ሁሉ ዓመት ዘበኛ የነበርኩ ሰው? ከጎረቤት ነበረ፣ ከግንቡ ወዲያ። ጩኸቱ እንደ ፉጨት ጆሮ ይበሳል። ሌሊቱን ሙሉ ዕረፍት የለውም።

ፈንታ፦ አላዩትም ማለት ነው።

በኃይሉ፦ እንደዚያ የሚጮህ ታዲያ ምን ሊያህል ነው? ድመት? ይልቅ ድንጋይ አቀብለኝ!

ፈንታ፦ [እያቀበለው፣ ግቢው ጥግ የቆሙትን እርጉዝ በጎች እያየ] እነዚህም ሊወልዱ ደርሰዋል። አምና ውርጩ ግልገሎቼን እንዴት እንደፈጃቸው ያስታውሳሉ። ያኔ የበጎቹን ማደሪያ፣ ጉሮኖውን፣ መካብ ያግዙኝ ብዬ ስለምንዎት...

በኃይሉ፦ የግልገሉን ነገር ተወው! ወገቤን ያመኛል፤ ለበግ ጉሮኖ ድንጋይ አልሸከምም ብዬሃለሁ። ይሄኛው ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ፈንታ፦ እሺ ጋሼ። እንግዲያው እዚህ ጥግ ላይ ለአሞሌ ጨው ማስቀመጫ እናብጅለት?

በኃይሉ፦ ጨው? ውሻ ጨው ይልሳል እንዴ?

ፈንታ፦ እኔማ ምን አውቄ። የፈረንጅ ነው ስላሉ ነው።

[በኃይሉ ዘበኝነቱን ወደ ኋላ ዞሮ አሰበው። ጨው የሚልስ ውሻ ትዝ አልለው አለ። ግን አላውቅም ማለትን ደግሞ ከነጭራሹ አልለመደውም።]

በኃይሉ፦ ይልሳል! እንዲያውም ጠዋት ጠዋት ካልላሰ ይቆጣል። አብጅለት።

ፈንታ፦ ድርቆሽስ?

በኃይሉ፦ ድርቆሽ... ለመኝታው ነው?

ፈንታ፦ ለመኝታውም፣ ከተረፈ ለሌላውም።

በኃይሉ፦ ትክክል! ከእኔ ጋር መዋል ስትጀምር አእምሮህ ተከፈተ። ቆይ፣ ይሄ የበግ ጠጉር የተጠቀጠቀበት ቁና ምንድን ነው? ዶሮ ልታስታቅፉ ነው?

ፈንታ፦ የውሻዋ መኝታ ነው። የእኛን ብርድ አትችለውም አሉ። አመተሥላሴም ዕቃ እስካልላሰችብኝ ድረስ እሳት ዳር ትደር ብላለች።

በኃይሉ፦ [እስኪያስለው ይስቃል] ሚስትህም እንዳንተው ናት! በቁና! አንድ ጆሮው አይገባበትም። ጆሮ ስል፣ የበግ መሸለቻውን መቀስ አምጣ። እንደደረሰ ጆሮውን እንቆርጠዋለን፤ ክፉ እንዲሆን።

ፈንታ፦ [ደንግጦ] ኧረ ጋሼ፣ በእመቤቴ! አደራ ናት! የጽናት አሠሪዎች አገራቸው ደርሰው እስኪመለሱ ደህና አድርገሽ ያዥልን ብለዋት ነው። አንድ ነገር ብትሆን ልጄ ከሥራዋ ወጣች ማለት ነው።

በኃይሉ፦ እንግዲያው አጥብቀን እናስረዋለን። ይኸው ከቤቴ ሰንሰለት አምጥቻለሁ፤ አንተ የለህማ። ስሙን አንበሶ ብዬዋለሁ።

ፈንታ፦ ሴት ናት። ስሟ ሚሚ ነው።

በኃይሉ፦ ሚሚ! ሰው ምን ይለናል?

[የአውቶቡስ ክላክስ ተሰማ። ፈንታ ወደ መንገዱ ሮጠ። በኃይሉ የመጨረሻውን ድንጋይ አስቀመጠና በአንድ እጁ ሰንሰለት፣ በሌላው ዱላ ይዞ፣ ለማንኛውም ብሎ ካቡ ላይ ወጣ። ፈንታ ጋቢውን ደረቱ ላይ ሰብስቦ ብቻውን ተመለሰ።]

በኃይሉ፦ የታል? አመለጣችሁ? ጽናትን በላት?

ፈንታ፦ ጽናት ከእናቷ ጋር እየተሳሳመች ነው። ይውረዱ ጋሼ።

በኃይሉ፦ ሳይታሰርማ አልወርድም!

[ፈንታ ጋቢውን ገለጥ አደረገ። ነጭ የጠጉር ድብልብል ብቅ አለችና አነጠሰች።]

በኃይሉ፦ ይሄ ምንድን ነው? የአንበሶ ኳስ ነው?

ፈንታ፦ ሚሚ ናት።

[ሚሚ በኃይሉን ሽቅብ አየችው፤ ጮኸችበትም። እንደ ፉጨት ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው። በኃይሉ ዱላውን ዝቅ አደረገ። ድምፁን ያውቀዋል፤ ከግንቡ ወዲያ ሆኖ ያን ሁሉ ዓመት እንቅልፍ የነሳው እሱው ነው። ፈንታ ሚሚን ቁናው ውስጥ አስቀመጣት። ዞረች፣ ዞረች፣ ተጠቅልላም ተኛች። ቁናው ተርፏታል።]

በኃይሉ፦ [በዝግታ እየወረደ] ታዲያ... ይሄ ሁሉ ካብ ለማን ነው?

[ፈንታ በጎቹን ነዳ አደረጋቸው። እርጉዞቹ ተራ በተራ በበሩ ገቡ። አንዷ ወዲያው አሞሌውን መላስ ጀመረች።]

በኃይሉ፦ አንተ! ጉሮኖ ነው ያስካብከኝ!

ፈንታ፦ ትንሽ ናት ብዬ ነግሬዎት ነበር እኮ። ደግሜም ነገርኩዎት። ለጉሮኖ ሲሆን ያምዎት የነበረው ወገብ ለውሻ ቤት ሲሆን ዳነልዎት። ምን ልበል? ተመስገን አልኩ።

በኃይሉ፦ ጥጃ የሚያህል ውሻ ይመጣል ብዬ ለገበያው ሁሉ አውርቼ!

ፈንታ፦ በስልክ ሁሉም ነገር ያንሳል፣ በገበያ ደግሞ ይተልቃል ይበሏቸዋ።

በኃይሉ፦ [ሰንሰለቱን እየጠቀለለ] ሁለተኛ አንተ ግቢ ድንጋይ ባነሳ!

ፈንታ፦ እንደሱማ አይበሉ። ጽናት ለፋሲካ ደግሞ ድመት አመጣለሁ ብላለች፤ የፈረንጅ ድመት። እንደው ምን ታህል ይሆን ጋሼ?

በኃይሉ፦ የፈረንጅ ድመት? እሷማ ቢያንስ ቢያንስ ይሄን...

[እጁን እስከ ወገቡ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ሲል ቀና አለ። ፈንታ ድንጋይ አንስቶ እያቀበለው ነው።]