የጭሱ ቁመት

ከሩቅ ሆኖ መገመት የማይወድ ሰው ካለ እስቲ አሳዩኝ። የድንኳኑን ስፋት አይተን የሠርጉን ድግስ እንገምታለን፤ ከጎረቤት ጓዳ ጭስ ብቅ ሲል ምን እንደተጣደ ካላወቅን እንቅልፍ አይወስደንም። እናንተ ይሄን በነፃ ትሠሩታላችሁ። እኔ ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር። እውነቴን ነው! በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ የደቡቡ ደን እሳት ይዞት አልጠፋ ባለ ጊዜ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጭስ ቁመት ለኪ ነበርኩ።

እንዴት ይለካል አትሉም? ሳተላይቷ ከላይ ፎቶ ታነሳለች። ጭሱ መሬት ላይ ጥላ ይጥላል። የጥላውን ርዝመት በማስመሪያ ትለካላችሁ፤ ፎቶው በተነሳበት ሰዓት ፀሐይ የት እንደነበረች ከሠንጠረዥ ትፈልጋላችሁ፤ የቀረው ሒሳብ ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል አጭሩም ነገር ረጅም ጥላ አለው፤ ከፍ ስትል ግን ረጅም ጥላ የሚጥለው እጅግ ረጅም ነገር ብቻ ነው። ቁመቱና ስፋቱ ከታወቀ ደኑ ምን ያህል ጭስ እንደተፋ ይገመታል። አለቃዬ ይህንን ግምት በየቀኑ ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ ጠረጴዛ ሥር እግሬን ስወዘውዝ የምውል፣ አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ።

መካኒሳ፣ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ብሩክ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር እሳቱን ላጥፋ ብሎ ከሄደ ሳምንት አልፎታል። ስልክ የለ፣ ደብዳቤ የለ። ልጁ ደግሞ ከትንሽነቱ ጀምሮ አስም አለበት። አስም ይዞ እሳት ማጥፋት! ማን ይመልሰው?

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እትዬ ጥሩወርቅ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አሮጌ ነጠላቸውን በመቀስ ይቆራርጣሉ። በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስንቅ የጫነ መኪና ከጎፋ ወደ ደኑ ይነሳል አሉኝ፤ ልጆቹ ጨርቁን እያራሱ አፍንጫቸውን ይሸፍኑበታል። እኔ ምን አስቸኮለኝ?

«አይድከሙ እትዬ! የዛሬውን ጭስ ራሴ ለክቼዋለሁ። በጣም ከፍ ብሏል፤ ከሥሩ ያሉት ንጹሕ አየር ነው የሚተነፍሱት።»

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ያየኸው?»

«ጠዋት፣ አራት ሰዓት ተኩል።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብለው መቀሱን አስቀመጡ። እኔም አንዲት እናት ያሳረፍኩ ሰውዬ ሆኜ፣ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ስጠብቅ ዓይኔ መሬት ላይ አረፈ። ጓደኞቼ በአጭርነቴ የሚቀልዱብኝ እኔ፣ ጥላዬ አስፋልቱን ተሻግሮ የሱቅ በር ደርሷል። የትናንቱ ፎቶ ትዝ አለኝ። ፎቶው ላይ የተጻፈው ሰዓት የእኛ ሰዓት አይደለም! የዓለም ሰዓት አራት ተኩል ሲል እኛ ዘንድ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የፈረንጁን ሰዓት እንደ አገራችን ልማድ ከንጋት ጀምሬ ቆጥሬው፣ ዝቅ ብላ የነበረችውን ፀሐይ ወደ ላይ ሰቅያታለሁ። ጭሱ ከፍ አላለም። መሬት ለመሬት ተኝቷል፤ ብሩክም እዚያው ውስጥ ነው።

ወደ ኋላ ሮጥኩ። የእትዬ በር ተቆልፏል። ቤቴ ገብቼ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነውን አንድ ለእናቱ አንሶላዬን ከአልጋ ገፍፌ የጎፋ ታክሲ ላይ ዘለልኩ። መንገዱ አልገፋ አለኝ። ሰው ሲወርድ ተናደድኩ፣ ሲሳፈር ተናደድኩ። እንዲያው ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ አንሶላውን በጥርሴ እየያዝኩ እተረትረው ጀመር። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ጋሼ፣ የቆሰለ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ ወያላው።

«እስካሁን የለም፤ ቶሎ ንዳ በለው!»

ስደርስ የመኪናው ሞተር ተነስቷል። ከኋላ ቆመው የጨርቅ ጥቅል የሚያቀብሉት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ነጠላው አንድም ሳይቀር ተቆራርጧል።

«እትዬ፣ ተሳስቼ ነበር!» አልኩ እያለከለክሁ። «ሰዓቱን... ጭሱ ዝቅ ያለ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ጠዋት ጭስ ምድር ለምድር ሲጎተት አይደል መካኒሳ የኖርኩት? ደግሞስ ሽቅብ ቢወጣ፣ ልጄ እሳቱ አጠገብ ነው እንጂ ደመናው ላይ ነው የቆመው?»

«ታዲያ ትናንት ምነው ዝም አሉኝ?»

«ልታጽናናኝ ነው የደከምከው፤ ማጽናናቱን ተቀበልኩህ። ጨርቁን ግን ቆረጥኩ» አሉና አንሶላዬን ከእጄ ወስደው ከጥቅሉ ጋር ጫኑት። መኪናው ከዓይናችን እስኪጠፋ ድረስ ከንፈራቸው አላረፈም፤ ይጸልዩ ነበር። እኔም ቢሮ ሄጄ ግምቴን አስተካክዬ፣ ከአለቃዬ የሚገባኝን ቁጣ ጠጣሁ።

ብሩክ ከስቶ፣ ድምፁ ሻክሮ፣ ግን በእግሩ እየሄደ ተመለሰ። እናቱ አንገቱን አልለቅም ብለው ሲያለቅሱ እኔም አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ! ሲረጋጋ ከኪሱ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አውጥቶ ሰጠኝ። ከል የገባ ነው የሚመስለው። ጠርዙን ገለጥ ሳደርገው ሰማያዊ ነው።

«ጋሼ፣ የጭሱን መጠን ትገምት የለ?» አለኝ። «ይኸው።»

ጨርቁን ቢሮ ወስጄ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኩት። አንድ ቀን አለቃዬ መጣና የኮምፒዩተሬ መስታወት አቧራ ለብሶ ቢያይ፣ እሱን ብድግ አድርጎ ይወለውልበት ጀመር።

«ይሄ ነገር ያጨልማል እንጂ አያጠራም! ምን ነክቶት ነው?»

«ደን ነው» አልኩት።

ሰማኝ መሰለኝ፤ ጨርቁን ቀስ ብሎ ቦታው መለሰው። ቀጥሎም የዕለቱን ቁመት ጠየቀኝ።