«ይዣለሁ የኔ ልጅ!»

ለጤና ከሲጋራም ከጮማም የከፋ ጠንቅ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ትህትና! አትሳቁ… ማስረጃዬን ይዤ ነው የመጣሁት።

አጎቴ ጋሽ አዱኛ ወረታ ከተማ አጠገብ የቁሐር ሚካኤል ሩዝ ገበሬ ናቸው። ልባቸው እየዘገየ ስላስቸገረ ግራ ደረታቸው ላይ፣ ከቆዳ ሥር፣ ምቱን የሚያስተካክል ባትሪ ተተክሎላቸዋል። ባትሪው እያለም ማሳ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሐኪሙ «የልባቸው ጡንቻ ጠባሳ ይኑረው አይኑረው በኤምአርአይ ሳላይ የማደርገው ነገር የለም» አሉን። ውኃ በተኛበት ማሳ ለሦስተኛ ጊዜ ቢወድቁስ? እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነበር።

ወሬው ወረታ ሲደርስ ምክር ጎረፈ። መቼም ወረታ ውስጥ ሐኪም ያልሆነው ሐኪሙ ብቻ ነው! አንድ ባለባጃጅ «ማሽኑ ማግኔት ነው፤ ባትሪውን ከነጎድናቸው መንጭቆ ይወስደዋል» ብሎ አረዳኝ። እሱ መሪ ላይ ተቀምጦ የተማረውን ፊዚክስ ሐኪሙ በሰባት ዓመት አላገኙትም መሰለኝ። (አይዟችሁ፣ ባትሪው ማሽኑን የሚችል ዓይነት ነው፤ ከመግባታቸው በፊትም ባለሙያዎች አስተካክለውታል።)

አዲስ አበባ ሄድን። ጋሽ አዱኛ ማሽኑ ውስጥ ተጋደሙ። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ከምስል ባለሙያዋ አጠገብ ቆምኩ። ልጅቷ በማይክራፎን አዘዘች፦

«አባባ፣ አየር በደንብ ይሳቡና ትንፋሽዎን ይያዙ!»

«እሽ፣ ይዣለሁ የኔ ልጅ!» የሚል ሞቅ ያለ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ምስሉን ጥቁር ጥላ ሸፈነው።

«የባትሪው ጥላ ነው» አለችኝ። «አየር ስበው ሲይዙ ልባቸው ከባትሪው ራቅ ይልና ጥላው ይሸሻል። ሲናገሩ ግን አየሩ ይወጣል።» ወደ ማይክራፎኑ ተመለሰች። «አባባ፣ መልስ አይስጡኝ። ዝም ብለው ይያዙ!»

«እሽ፣ አልመልስም! እግዜር ያክብርሽ!»

ሦስተኛ… አራተኛ… በአምስተኛው ስሟን ጠየቋት። በስድስተኛው የማን ልጅ እንደሆነች። እኔ ጣልቃ ገብቼ «ጋሼ፣ ዝም ይበሉ እንጂ!» ብል ግሣጼው ወደ እኔ ዞረ።

«ምነው ልጄ! ሰው ሲያናግርህ ዝም ይባላል? እንዲህ ነው ያሳደግንህ?»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «በዚህ ምስል ሐኪሙ ምንም አያዩም።»

ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን ጥላ ታቅፈን ልንመለስ! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጋሽ አዱኛ ሲናደዱ ብቻ ቃል አይወጣቸውም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስቡና ከንፈራቸውን ነክሰው ይቀራሉ። ማይክራፎኑን ለምኜ ተቀበልኩ።

«ጋሼ!»

«አቤት ልጄ!»

«የይፋግ ሩዝ ከእርስዎ ሩዝ በስንት እጁ ይሻላል! የእርስዎን ሰው የሚገዛው ለዶሮ ነው አሉ!»

ጸጥ… ደረታቸው እንደ ወናፍ ተነፋ። እንደተነፋም ቀረ።

«ያዝኩት!» ብላ ጮኸች ልጅቷ። ጥላው ሸሸ፤ ልባቸው ወለል ብሎ ታየ። ችግሩ፣ ለእያንዳንዱ ምስል አዲስ ስድብ ያስፈልግ ነበር። በሬዎቻቸውን ነካሁ፤ አጥራቸውን ነካሁ፤ የሠርጋቸውን ጠላ ሳይቀር ቀጠነ አልኩ። ያቺ ጨዋ ልጅ ደግሞ «ሁለት ምስል ይቀረናል፣ ጠንከር አድርገው!» ትለኛለች።

በሳምንቱ ሐኪሙ ምስሉን አይተው ጠባሳ እንደሌለ ነገሩን። መድኃኒት ቀየሩ፣ ባትሪውን አስተካከሉ፣ በቃ። ኮሪደር ላይ ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዛሬ ጋሽ አዱኛ ማሳቸው ውስጥ ቀጥ ብለው ይውላሉ። ወረታ ገበያ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ጎንበስ ብዬ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» እላለሁ። እሳቸውም አየር በደንብ ይስቡና… ይይዛሉ።