ደህና ነኝ ያልኩበት የውሻ ንክሻ

እስቲ ፍረዱኝ፤ ሞት አፋፍ ላይ ሆኖም «ደህና ነኝ» የሚል ሰው የጉዳት ካሳ መጠየቅ ይችላል?

እኔ ጠየቅኩ። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ የአንድ ሰውዬ ውሻ ባቴን ዘነጠለው። ስምንት ስፌት! ሐበሻ ጠበቃ ያዝኩ። ካሳውን የሚከፍለው የሰውዬው ኢንሹራንስ በአስተርጓሚ ደወለልኝ፤ ንግግሩም ይቀዳል። አስተርጓሚዋ የኛው ልጅ ነች።

«ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? እግርዎስ?»

እንዲህ በአክብሮት ለጠየቀች ልጅ ስለ ስፌት ይወራል?

«እግዚአብሔር ይመስገን! ምንም አልል። አንቺስ፣ ቤተሰብ ደህና?»

በማግስቱ ጠበቃዬ ደወለ።

«ጋሼ፣ በገዛ አፍዎ ኬዙን ገደሉት! ኦኬ፣ አሁን ለእኔ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እግርዎ እንዴት ነው?»

«ኧረ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩት፣ ግድግዳ ተደግፌ በአንድ እግሬ እንደቆምኩ።